የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ

እሑድ ጠዋት ኤቲየን ፋንሄከ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ፣ የጎረቤቱ ልጆች የሚዘሉበት ትልቅ ክብ ሸራ ከነብረቱ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘው። ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል ነበር። ሸራውን ብድግ ያደርግና መልሶ አጥሩ ላይ ይጥለዋል። ኤቲየን ጥቂት ቆሞ ተመለከተና የብስክሌት ልብሱን ሊለብስ ሄደ።

ኩሽና ውስጥ ሚስቱ ሬዚን ዳቦ ላይ ቅቤ ትቀባ ነበር።

«እውነት ልትወጣ ነው?»

«እሑድ አይደል እንዴ?»

«እሑድ መሆኑንማ አላጣሁትም። ሬዲዮው ከነጋ ጀምሮ ከቤት አትውጡ እያለ ነው።»

«ሬዲዮው መች ብስክሌት ነድቶ ያውቃል?»

ቅቤው ላይ ቡናማ ስኳር ነስንሳ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው። «ዮርን የተናገረህን ቂም ይዘህ ነው የምትወጣው። እኔ ነፋሱን አይደለም የምፈራው።»

ኤቲየን ዳቦውን ገመጠ። አፉ ሙሉ ነበር።

ዮርን የተናገረው ብዙ አልነበረም። ረቡዕ ማታ የብስክሌት ክለቡ ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ በማግስቱ ዮርን ኤቲየንን ዳቦ ቤቱ በር ላይ አገኘውና ነገሩን በፈገግታ ነገረው። ሰዎቹ ኤቲየን ወደ ሁለተኛው ቡድን ቢወርድ ይሻላል ይላሉ። ሆኖም እሑድ ይታያል። ከአንደኛው ቡድን ጋር ወጥቶ ከአንደኛው ቡድን ጋር ከተመለሰ፣ ነገሩ ዳግመኛ አይነሣም። ወደ ኋላ ከቀረ ግን...

«ከቀረሁ ከባትሪዎቹ ጋር ፓንኬክ እበላለሁ» ብሎ ጨረሰለት ኤቲየን።

ዮርን ሳቀ። ዮርን የኩሽና ቁምሳጥን ሻጭ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ካለፈው መጸው ጀምሮ የመንገድ መሪው እሱ ሆኗል። ከእሱ በፊት፣ ዮርን ገና በሦስት ጎማ ብስክሌት ግቢ ውስጥ ይሽከረከር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ የመንገድ መሪው ኤቲየን ነበር።

ሁለተኛው ቡድን ባትሪዎቹ ይባላል፤ አብዛኞቹ የሚነዱት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስለሆነ ነው። ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ እየተጫወቱ ይሄዳሉ፣ በየመንገዱ ይቆማሉ። ደስተኞች ናቸው። ከአንደኛው ወደዚያ የወረደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ግን ታይቶ አያውቅም። ኤቲየን ስንቱን ሸኝቷል! እያንዳንዱን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ለጤናህም ጥሩ ነው» ብሎታል፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰው አስቦ አያውቅም።

ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አትክልት በሚያቀዘቅዝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከተራራ በሚተልቅ የአተርና የካሮት ክምር መሀል ዕቃ ማንሻ መኪና እየነዳ፣ በማይንቀሳቀስ ብርድ ውስጥ ጡረታ ወጣ። ያ ብርድ ጆሮ አይመታም፣ ልብስ አያራግብም፤ ዝም ብሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። የእሑዱ ነፋስ ሌላ ነው። ሲጮኹበት ይጮኻል፣ ሲገፉት ይገፋል። ኤቲየን ከነፋስ ጋር ሲታገል ነበር ሰው መሆኑ የሚታወቀው፤ ሰዎችም ያከበሩት በዚያ ነበር። ቁመቱ አጭር ነው፣ ገንዘብ የለውም፣ ንግግር አይችልም።

የክለቡ መነሻ የሮዜት ቡና ቤት ነው። ጉዞ የሚሰረዘው ሮዜት በሯን ካልከፈተች ብቻ ሲሆን፣ ሮዜት ደግሞ በሯን ሳትከፍት የቀረችው ባሏ የተቀበረ ዕለት ነው። በዚህ እሑድ ጠዋት ግን በሩን የከፈተችው ነፋሱን በትከሻዋ እየገፋች ነበር።

«አብዳችኋል» አለቻቸው አንድ በአንድ ሲገቡ። «አንተም አብደሃል። አንተማ ድሮም ነህ።»

ኤቲየን ሲገባ ከመጠጫው ባንኮኒ በኩል አንዱ ጮኸ፦ «ኤቲየን፣ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ጨምር፣ እንዳትበር!»

«ድንጋይ ካጣሁ ያንተን ጭንቅላት እዋሳለሁ» አለ ኤቲየን። ተሳቀ። ሳቁ ደስ አለው፤ ገና ከእነሱ ጋር ነበር።

ማርኒክስ ከመስኮቱ አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ጀርባው የበር ያህል ይሰፋል። በዚያ ቀዝቃዛ ፋብሪካ አንድ ፈረቃ ላይ አብረው ኖረዋል፣ አብረው ጡረታ ወጥተዋል፣ እሑድ እሑድ ጎን ለጎን ነድተዋል። ብዙ አያወራም። ነፋስ ሲነሣ ማርኒክስ ሁልጊዜ ነፋሱ ባለበት ወገን፣ ኤቲየን ደግሞ ከእሱ ጥግ ይገኛሉ። ኤቲየን ይህን ጓደኛው ነገር የማይገባው በመሆኑ ነበር የሚተረጉመው፤ ማርኒክስ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ቆም ብሎ አያስብም ይላል።

«ናማ ወዲህ» አለው ማርኒክስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ከሁለተኛው ጋር እንሂድ።»

«ማን?»

«እኔና አንተ። አጭሩን ዙር ነው የሚሄዱት፣ በዛፎቹ በኩል። እኔም ጉልበቴን አሞኛል።»

«የትኛውን?»

ማርኒክስ ወደ እግሮቹ ተመለከተ። «ግራውን።»

«ትናንት የሮዜትን የቢራ በርሜል ስትሸከም ጉልበትህ የት ሄዶ ነበር?»

«ኤቲየን፣ ስማኝ። የዛሬው ነፋስ እንደሌላው ቀን አይደለም።»

ኤቲየን ፊቱ ቀላ። ከሐሙስ ጀምሮ ረቡዕ ማታ እጁን ማን አነሣ፣ ማን ዝም አለ እያለ ሲያስብ ነው የከረመው፤ ማርኒክስን ግን ከነዚያ መሀል ቆጥሮት አያውቅም ነበር። «ለካ አንተም ከነሱ ጋር ነህ» አለ።

«ከነማን ጋር?»

«ተወው በቃ።»

ዮርን በሩን ይዞ ጮኸ፦ «አያቶች! ምክክሩ አላለቀም? ነፋሱ እየጠበቀን ነው!»

ማርኒክስ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣና የራስ ቁሩን አሰረ። ስለ ጉልበቱ ዳግመኛ አላነሣም።

መጀመሪያ በቦዩ ዳር ወደ ምዕራብ፣ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ ሄዱ። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከፊት ነበር የሚመጣው። ኤቲየን ዓይኑን በማርኒክስ የኋላ ጎማ ላይ ተክሎ ፔዳሉን ይመታል፤ ከዚያ ጀርባ ጥግ ትንፋሹ ይበቃዋል፣ እግሩም ይታዘዘዋል። ‹ይኸው› ይላል በልቡ፣ ‹ምን ሆንኩ?›

ደ ሙረን የተባለው ሜዳ ሲደርሱ ወደ ሰሜን ታጠፉ። ይህ ሜዳ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ውኃው ተመጥጦ ከባሕሩ ዝቅ ያለ እርሻ ሆነ። መንገዱ እንደ ገመድ የተወጠረ ነው፣ ግራና ቀኙ የውኃ ቦይ። ያሉት ጥቂት ዛፎች ሁሉ ወደ ምሥራቅ ጎብጠው ነው ያደጉት። ነፋሱ አሁን በግራ ጎናቸው ገባ።

የጎን ነፋስ ሲነሣ የክለቡ ሰዎች ማራገቢያ የሚሉትን ሰልፍ ይሠራሉ። የመጀመሪያው በመንገዱ ግራ ጠርዝ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይነዳል፤ ሁለተኛው ከእሱ ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ሰው ተከልሎ መንገዱን እስከ ቀኝ ጠርዝ ይሞሉታል። የፊተኛው ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ተራው ለሌላው ይደርሳል። ሁሉም የሚጠለለው ፊተኛው ግራውን እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው። እሱ ወደ ቀኝ ጠርዝ ከሄደ ለሌሎቹ ቦታ አይተርፍም፤ ቦዩ አፋፍ ላይ በአንድ መስመር ተሰልፈው እያንዳንዱ ነፋሱን ለብቻው ይቀበላል። በውድድር ላይ ባላንጣን የሚጥሉት እንዲህ ነው። በክለቡ ግን ነውር ነው። ነውር ያደረገውም ራሱ ኤቲየን ነበር፤ መንገድ መሪ ሳለ ዳኒ የተባለውን ሥጋ ሻጭ ለዚሁ ብሎ ከክለቡ አባሮታል። «እኛ ለመጣጣል አይደለም የወጣነው» ነበር ያለው። እስከ ዛሬ ሬዚን ሥጋ የምትገዛው ከሌላ መንደር ነው።

«ማራገቢያ!» ብሎ ጮኸ ዮርን። «ኤቲየን፣ አንተ በረኛ!»

በረኛ የሚባለው መጨረሻ ላይ የሚቆመው ነው። ተራ አይወስድም፤ ከፊት ደክመው የሚመለሱትን ብቻ ከፊቱ ያስገባል። ቦታው ለታመመ፣ ለአዲስ ገቢ፣ ለሽማግሌ የሚሰጥ ነው። ኤቲየን ቦታውን ያዘ። አንዱ ተመልሶ ሲመጣ «ግባ» አለው። ሌላውንም «ግባ» አለው። ሦስተኛው ሲመለስ ግን ቦታውን ለቅቆ በሰዎቹ መሀል ወደ ፊት ወጣ።

«ወዴት ነው?» አለ አንዱ።

«ተራዬን ልወስድ!»

ግራ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ብስክሌቱን ሊነጥቀው ነበር። መሪውን አጥብቆ ያዘ። ፊት ነበር፤ ከፊቱ ባዶ ኮንክሪትና እየተንከባለለ የሚያቋርጥ ገለባ ብቻ። በቀኝ ትከሻው አሻግሮ ዞር ብሎ ተመለከተ። ዮርን ከኋላው ሁለተኛ ነበር፣ ጥርሱን አግጥጦ። መጨረሻ ላይ፣ ቀኝ ጠርዝ፣ የበረኛውን ባዶ ቦታ ማርኒክስ ይዞለታል። ማርኒክስ አገጩን ቀና አድርጎ ወደ እሱ ተመለከተ።

ኤቲየን ፊቱን መለሰና መንገዱን አቋርጦ ወደ ቀኝ ጠርዝ ነዳ።

ማራገቢያው ታጠፈ። «ኧረ ግራህን ያዝ!» የሚል ጩኸት ሰማ፤ ከዚያም «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?»፤ ከዚያም የሰንሰለትና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ። የሣሩን አፋፍ ታክኮ ማርሹን አከበደና ሙሉ ጉልበቱን አወጣ። ያሰበው ዮርንን ሊጥል ነበር። ‹ቅመሳት› ይል ነበር በልቡ፣ ‹ቅመሳት፣ የቁምሳጥን ነጋዴ›።

ከኋላ፣ ከሩቅ፣ አንድ ድምፅ «ኤቲየን!» ብሎ ጠራው። አንዴ ብቻ። ድምፁን ያውቀዋል፤ በፋብሪካው ጫጫታ መሀል እንኳ ለይቶት የኖረው ድምፅ ነው። ነፋሱ ነው ብሎ አለፈው። እግሩንም አላላላም።

መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ የክለቡ ደንብ መቆም ነበር። የሚመራው እጁን ያነሣል፣ ሁሉም ይቆማሉ፣ የቀረውን ይጠብቃሉ። ኤቲየን እጁን አላነሣም። ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ነፋሱ ከጀርባው ገብቶ እንደ መኪና ገፋው፣ ጆሮውም በድንገት ጸጥ አለ። ዮርን ከጎኑ ብቅ አለ፤ ዓይኖቹ የልጅ ዓይን መስለዋል።

«ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ነበር አንተ ሰይጣን!» አለው።

አልተናደደም። አልተጎዳም። ከልቡ ተደስቶ ነበር። ኤቲየንም ደስ አለው፤ ይህን በኋላ ለራሱ እንኳ ሊክደው አልቻለም።

ሮዜት የቲማቲም ሾርባ በትንንሽ የሥጋ ድቡልቡል አቀረበችላቸው። ልብሳቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ዮርን ኤቲየንን በአንገቱ አቅፎ ለቤቱ ሁሉ አወጀ፦ «ይህን ሰውዬ የሚነካ እኔን ነካ! አንደኛ ቡድን ነው፣ እስኪሞት ድረስ አንደኛ ቡድን!» ቢራ ታዘዘለት።

«ማርኒክስስ?» አለች ሮዜት።

አንዱ ቢራውን አነሣ፣ ሌላው እርጥብ ጓንቱን ጠመዘዘ።

«መንታ መንገዱ ላይ አልጠበቃችሁትም?»

«መሪው ሳይቆም እኛ እንዴት እንቁም?» አለ አንዱ ሾርባውን እያየ።

ሮዜት ጨርቋን ባንኮኒው ላይ ጣለች። «ኤቲየን፣ ረቡዕ ዕለት ይህን ጠረጴዛ ሲደበድበው የነበረው ማን መሰለህ? ማርኒክስ! ማርኒክስ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ‹እሱን ካወረዳችሁ እኔም ወረድኩ› አለ። እሑድ ይታይ የተባለውም እሱ ለምኖልህ ነው።»

«ኧረ እኛም ክፋት አልነበረንም» አለ ዮርን ወዲያው። «ማርኒክስ ከጎኑ እስካለ ችግር የለም ብለን ነበር። ያው ሁልጊዜ ከነፋስ የሚከልለው እሱ አይደል?» ወደ ኤቲየን ዞረ። «ይሄን ስንት ዓመቱ! ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው።»

ኤቲየን ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ።

ዮርን የመኪናውን ቁልፍ ፈልጎ ሊወጣ ሲል በሩ ተከፈተ። ባትሪዎቹ ነበሩ። መሀላቸው ማርኒክስ፣ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ጭቃ ለብሶ፣ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ደግፎ።

«ቦይ ውስጥ ነው ያገኘነው» አለች ጎደሊቨ፣ የቀድሞዋ ፖስተኛ። «ዝናቡ ሲብስ በደ ሙረን በኩል አቋርጠን ልንመለስ ባንል ኖሮ ማን ያየው ነበር? ቁጭ ብሎ ነው ያገኘነው። ውኃ ውስጥ ቁጭ ብሎ! ምን ትሠራለህ ስለው ‹አርፋለሁ› ይለኛል።»

ጥቂቶች ሳቁ፤ ማርኒክስ ራሱም ፈገግ አለ። አስቀመጡት፣ ብርድ ልብስ አለበሱት፣ ሰው ሐኪም ቤት ሊወስደው መኪና ሊያመጣ ሄደ። ኤቲየን ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ቆመ።

«ማርኒክስ፣ እኔ እኮ ዮርንን ልጥል ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«መጨረሻ ላይ አንተ መሆንህን...»

«ኤቲየን፣ ዞር ብለህ አይተኸኛል።» ድምፁ ተራ ነበር፤ ጨው አቀብለኝ የሚል ሰው ድምፅ። «መጀመሪያ አየኸኝ። ከዚያ ነው ወደ ቀኝ የነዳኸው።»

ጎደሊቨ ሾርባ ይዛ መጣችና «ዞር በል እስቲ» አለችው ኤቲየንን። ዞር አለ።

የማርኒክስ የግራ ትከሻ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ አልነዳም። ኤቲየን ሁለት ጊዜ ሊጠይቀው ሄደ፤ የማርኒክስ ሚስት ቡናና ብስኩት አቀረበች፣ ስለ እግር ኳስ ተጫወቱ፣ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። ሦስተኛ አልሄደም። ማርኒክስ ሲሻለው ብስክሌቱን ከጎደሊቨ ብስክሌት አጠገብ አቆመ፣ ከባትሪዎቹ ጋር። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም።

በሚያዝያ አንድ እሑድ፣ ተራ የምዕራብ ነፋስ ነበር፤ ሬዲዮ የማያወራለት ዓይነት። አንደኛው ቡድን በቦዩ ዳር ሲሄድ ኤቲየን ከፊቱ ያለውን ጎማ ለመያዝ ታገለ። ከፊቱ የነበረው ቀጭን ልጅ ነው፣ ጀርባው ነፋስ አይዘጋም። ክንድ የሚያህል ክፍተት ተከፈተ፣ ከዚያ የብስክሌት ርዝመት፣ ሊጠራቸውም አፈረ። መንታ መንገዱ ላይ አልጠበቁትም። ማርኒክስ ከወደቀበት ቀን ወዲህ መጠበቁ ቀርቷል፤ እሱም ስለ ደንብ የሚናገርበት አፍ አልነበረውም።

ብቻውን ጥቂት እንደሄደ ከኋላው የሞተር ሹክሹክታና የሰው ጨዋታ ሰማ። ወርዶ ብስክሌቱን ገለበጠና የኋላ ጎማውን ይነካካ ጀመር።

«ኤቲየን!» አለች ጎደሊቨ ደርሳ። «ምን ሆንክ? ና ከኋላችን ግባ፣ ነፋሱ አይጎዳህም።»

«ጎማዬ ነው። ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ።»

ማርኒክስ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ ቆመ። ጎማውን አየ። ጎማው ሙሉ ነበር፣ ምንም የጎደለው አየር አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ መንካት አያስፈልግም። ኤቲየንም ማርኒክስ እንዳየ አወቀ፣ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ተዉት፣ ይሠራዋል» አለ ማርኒክስ ለሌሎቹ። «እንሂድ።»

ሄዱ። ኤቲየን ድምፃቸው እስኪጠፋ ደህናውን ጎማ በእጁ ይዞ ተንበርክኮ ቆየ። ከዚያ ብስክሌቱን አቃንቶ ወጣበትና፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ብቻውን ነዳ።